ብርድ የፈራንለት ሶላር

ዝናብ ስንፈራ ያየን የለም። ሐምሌ ላይ መንገድ መካከል ተገናኝተን፣ አንድ ጃንጥላ ለሁለት ይዘን፣ የቤተሰቡን ደኅንነት፣ የከብቱን ደኅንነት፣ የማሳውን ደኅንነት አንድ በአንድ ሳንጠያየቅ አንላቀቅም፤ ጫማችን ውሃ ቢሞላም። ፀሐይም ቢሆን ከጉዳይ አንጥፋትም፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አናታችን ሲበስል ቆመን በአንድ ቁና ምስር እንከራከራለን። ንፋስ ግን፣ ያውም በበር ገብታ በመስኮት ሽው ብላ የምታልፍ ቀጭን ንፋስ፣ ቤት ሙሉ ሰው ታስነሣለች። “ዝጉት እንጂ!” ይላል ሁሉም በአንድ አፍ። ወገብ የያዘችው እሷ ናት፤ ጥርስ ያሳመመችው እሷ፣ አንገት ያጣመመችው እሷ። ሐኪም ደምህን መርምሮ፣ ራጅ አንሥቶ፣ ለበሽታህ ስም አውጥቶ ቢነግርህ እንኳ፣ እናትህ ወረቀቱን በወግ አጥፋ ታስቀምጥና “ብርድ መትቶህ ነው” ትልሃለች። ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ከብርድ ያመለጠውን ደግሞ ምች ይቀበለዋል። ፀሐይ ላይ ውለህ ስትገባ ራስህን ይወቅርሃል፣ ትኩሳት ይለቅብሃል፣ ከንፈርህ ይቆስላል፤ ያን ጊዜ ከአጥሩ ጥግ ዳማከሴ ይቀነጠስና ይታሻል፤ ጭማቂውን ትጠጣለህ፣ የቀረውን ግንባርህ ላይ ይለቀልቁሃል። እንግዲህ የእኛ ኑሮ በሁለቱ መካከል ነው። ከብርድ ስንሸሽ ምች፣ ከምች ስንሸሽ ብርድ። ሁለቱንም የሚያውቁ እናቶች ግን በየቤቱ አሉ፤ ግንባር ዳስሰው ይለዩአቸዋል።

የንፋስ ፍርሃታችንን ማጥናት የሚፈልግ ሰው ካለ ቤተ መጻሕፍት ምን ያደርግለታል፤ መጋቢት ላይ፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት፣ ከማርቆስ ወደ ገጠር የሚወጣ አውቶቡስ ይሳፈር። ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። አንዱ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ላቡን በዚያው በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል። እስኪ አንተ አንባቢዬ፣ የተማርህ ነህና፣ “አየር ለጤና ጥሩ ነው” ትላለህና፣ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ክፈት። ከኋላም ከፊትም “ወንድም ዓለም፣ ዝጋት እስኪ” ይሉሃል። አነጋገራቸው ትሑት ነው፤ ዓይናቸው ግን ትሑት አይደለም። ትዘጋለህ። እኔ ከየትኛው ወገን እንደሆንሁ ልትጠይቀኝ ከሆነ፣ ከዝጋት ባዮቹ ነኝ። ያውም ከመጀመሪያዎቹ።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ወሬ አጥቼ አይደለም። በዚሁ በንፋስ ፍርሃቴ የተነሣ አባቴን ለጥቂት ገድያቸው ነበር፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሙሉ እንደገደልኋቸው ሆኖ ሲሰማኝ ከርሟል። ሚሊኒየሙን ካከበርን ጥቂት ዓመት ቆይቶ የሆነ ነገር ነው።

አባቴ ከደብረ ኤልያስ ወዲያ፣ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብላ ባለች የገጠር ደብር ቅኔ ያስተምራሉ። አገሬው የኔታ ይላቸዋል። እኛ ልጆቻቸውም የኔታ እንላቸዋለን፤ አባባ ብለን አናውቅም፤ ልጅ ሆነን ሞክረነው ነበር፣ ዞር ብለው ማንን እንደጠራን አዩ። የኔታ ስኳር አለባቸው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ ከማዕድ በፊት፣ ኢንሱሊን ይወጋሉ። የምትወጋቸው እናቴ ናት። ኢንሱሊን የሚባለው መድኃኒት ደግሞ ባሕርዩ አስቸጋሪ ነው፤ ሙቀት አይወድም፤ ሙቀት ካገኘው ኃይሉ ይሞታል። መብራት በሌለበት አገር የት ይቀመጥ? ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ለእናቴ አንድ ዘዴ አሳይታት ነበር። ገንቦ ውስጥ አሸዋ ይሞላል፣ አሸዋው ውሃ ይጠጣል፣ ብልቃጡ በላስቲክ ተጠቅልሎ አሸዋው ውስጥ ይቀበራል፣ ገንቦው ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። በቃ። እናቴ ገንቦውን ከመደቡ ሥር አስቀምጣ ጠዋትና ማታ ውሃ ታርከፈክፍለታለች። ዓመታት እንዲህ ኖሩ።

እኔ ግን ጭንቀታም ነኝ። ይህ በሽታ ዳማከሴም ኢንሱሊንም የለውም። ማርቆስ ከተማ ቁጭ ብዬ ፊዚክስ እያስተማርሁ፣ ዓይኔ ጥቁር ሰሌዳው ላይ፣ ልቤ ከመደቡ ሥር ነበር። ውሃ ማርከፍከፉን አንድ ቀን ብትረሳስ? ገንቦው ቢሰነጠቅስ? አይጥስ? የአገር ሰው “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” የሚለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። ያለኝን ሁሉ አራግፌ ሶላር ገዛሁ፤ አንድ ባትሪ፣ ባትሪውን የሚጠብቅ አንድ መቆጣጠሪያ፣ እና ለመኪና የተሠራች አንዲት ትንሽ ፍሪጅ ጨመርሁ። ጥቅምት ላይ በአህያ አስጭኜ አገባሁት። ሶላሩን የምንሰቅልበት የባሕር ዛፍ ግንድ ግቢው ጫፍ ላይ፣ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚወርደው ንፋስ እንደልቡ በሚፈነጭበት ቦታ ተከልን። ንፋሱን አስቤ አልነበረም፤ ጥላ የሌለበት ቦታ እሱ ብቻ ስለነበር ነው።

መቆጣጠሪያው ላይ ሦስት ትንንሽ መብራቶች አሉ። አረንጓዴ ከበራ ባትሪው ጠግቧል፤ ቢጫ ከሆነ ግማሽ ነው፤ ቀይ ከሆነ ጉድ ፈልቷል። እናቴን አስጠናኋት። ስልክ የሚይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ነውና፣ በየቀኑ ዐሥር ሰዓት ሲሆን ኮረብታው ላይ ወጥታ እንድትደውልልኝ አደራ አልኋት። እሷም አደራ አትበላም። ዐሥር ሰዓት ሲሆን ስልኬ ይጮሃል፤ “አረንጓዴ ነው ልጄ” ትላለች፤ ትዘጋለች። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር አለፉ። አራት ወር ሙሉ እናትና ልጅ የተነጋገርነው አንዲት ቃል ነበረች። እኔም እንቅልፍ መተኛት ጀመርሁ፤ ጓደኞቼ ወፈርህ አሉኝ።

የካቲት ላይ ልጠይቃቸው ወረድሁ። ያን ሰሞን ንፋሱ ለጉድ ነው፤ ባሕር ዛፉን ጎንበስ ቀና ያደርገዋል። ጠዋት በማለዳ ወጥቼ ግንዱ ላይ በመሰላል ወጣሁና ሶላሩን ዳሰስሁት። በረዶ! ብረቱ እጄን ሊያጣብቀው ምንም አልቀረው። ሳልዋሻችሁ ልንገራችሁ፤ የዐሥር ዓመት የፊዚክስ አስተማሪ ነበርሁ፤ በዚያች ደቂቃ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ፊዚክስ የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረችው እናቴ ናት። “ይህ ነገር ብርድ ሊመታው ነው” አልሁ ለራሴ።

ቤት ገብቼ ጉባኤ ጠራሁ። ሶላር የፀሐይ ዕቃ ነው፣ ኑሮው በፀሐይ ነው፤ ይህ ንፋስ ግን ፀሐይ የሰጠችውን ሙቀት እየቀማው ነው፤ እስካሁን የቻለው አዲስ ስለሆነ ነው እያልሁ አስረዳሁ። እናቴ አንጀቷ ተንሰፈሰፈ። “እኔም እኮ ያሳዝነኛል፤ ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ላይ ሲንዘፈዘፍ” አለች። የኔታ እግራቸውን አጣጥፈው መቁጠሪያቸውን ይዘው ሲያዳምጡ ቆዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

“ፀሐይ ሦስት ነገር አላት፤ ክበብ፣ ብርሃን፣ ሙቀት። ይህ ዕቃህ የሚመገበው ከየትኛው ነው?”

ለቤተ ክርስቲያን ተማሪ ይህ የምሥጢረ ሥላሴ ሀሁ ነው። ክበቡ ሌላ፣ ብርሃኑ ሌላ፣ ሙቀቱ ሌላ፤ ፀሐይዋ ግን አንድ። እኔ ግን ቸኩዬ ስለነበር “ያው ነው የኔታ፤ ፀሐይ ፀሐይ ናት” አልኋቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። በእሳቸው ጉባኤ እንዲህ ብሎ የመለሰ ተማሪ እንደገና ከፊደል ይጀምራል። እኔ ግን የተማርሁ ልጃቸው ስለሆንሁ አለፉኝ።

ሶላሩን ከግንዱ አወረድሁት። የዕቃ ቤቱ የቆርቆሮ ጣራ ከዋናው ቤት ግድግዳና ከጎተራው መካከል ገባ ያለ ነው፤ ንፋስ አይደርስበትም፤ ዶሮዎች ለሙቀት የሚሰበሰቡት እዚያ ጥግ ነው። እዚያ ጣራ ላይ አጋድሜ ከቆርቆሮው ጋር አጣብቄ ቸነከርሁት። በቆርቆሮው እጥፋትና በሶላሩ ጀርባ መካከል ትንሽ ክፍተት ቀረች። እናቴ ከታች ሆና አየቻት። “በዚያች ቀዳዳ ይገባበታል” አለች። አሮጌ ጆንያ አቀበለችኝ፤ ጭድም ጨመርንበት፤ ክፍተቷን ዙሪያውን ጠቅጥቀን ደፈንናት። ከመሰላሉ ወርጄ ሳየው ሙቅ አልጋ ውስጥ የገባ አራስ ይመስል ነበር። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይላሉ፤ እኔ እቴ፣ ስሜም አልጠገብሁ።

መጋቢት ገባ። ፀሐይዋ እንደምታውቋት ሆነች። “ፀሐይ በረታች” እያልሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሶላራችን ይበላል ብዬ። አንድ ቀን ዐሥር ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። “ቢጫ ነው ልጄ” አለች እናቴ። ዘጋች። ደመና ነበር ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በማግስቱም ቢጫ። በሳምንቱ ደግሞ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው፣ “ቀይ ሆነ” አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን እንዴት እንዳሳለፍሁት እኔ ነኝ የማውቀው። የተበላሸ ኢንሱሊን መልኩ ላይለወጥ ይችላል፤ ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። ወተት ሲበላሽ ይነግርሃል፤ ሥጋ ሲበላሽ ለጎረቤትም ይነግራል፤ ይህ ግን ጥርት ብሎ እንደ ምንጭ ውሃ ያይሃል። እናቴ በእምነት ትቀዳለች፣ የኔታ በእምነት ይወጋሉ፤ የገባው ግን ውሃ ነው እንበል። ያውም ዓቢይ ጾም ነው። የንስሐ አባታቸው ለሕመምተኛ ጾም የለም ብለው ቢገሥጿቸውም፣ የኔታ እስከ እኩለ ቀን ድረስ እህል ላለመቅመስ እንደ ልጅ ይደበቃሉ። ክፍል ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ እያስተማርሁ ቾኩን ይዤ ፈዝዤ እቀራለሁ። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ሳቁ፤ በኋላ ሳቃቸውን ተዉ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለውን ተረት ማን እንደፈጠረው ባውቅ እለምነው ነበር፤ መልስልኝ ብዬ።

ቅዳሜ ጠዋት ከመድኃኒት ቤት ሁለት ብልቃጥ አዲስ ኢንሱሊን ገዛሁ። ባለመድኃኒቷ ብልቃጦቹን በላስቲክ፣ ላስቲኩን በእርጥብ ፎጣ ጠቀለለችልኝና አንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ። “ፎጣው ንፋስ ያግኝ፤ ንፋስ ካገኘ ይቀዘቅዛል፤ ከታፈነ ግን ይሞቃል” አለች። እሺ ብዬ ወጣሁ። ከቤተ ሙከራችን የተዋስሁትን የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ መልቲሜትር የሚሉትን፣ ኪሴ ከትቼ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ያንን አውቶቡስ ታውቁታላችሁ፤ ከላይ ነግሬአችኋለሁ።

መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። የኤልያስ መንገድ ያን ጊዜ ጠጠር ነው፤ ስለዚህ ከብርዱ ሌላ አቧራም አለ፤ ዝጋት ባዮች በዚያን ቀን ሁለት ማስረጃ ነበራቸው። ፎጣዬ ጭኔ ላይ እየሞቀ ሄደ። እጄን ባስቀመጥሁበት ቁጥር ከበፊቱ ይሞቃል። ዕድሜ ልኬን ሰው ሳስዘጋ የኖርሁ ሰው፣ በምን አፌ ክፈቱልኝ ልበል? ግማሽ መንገድ ያህል እንደሄድን ግን አላስቻለኝም። ተነሣሁና፣ መድኃኒት ይዣለሁ፣ ንፋስ ካላገኘ ይበላሻል፣ እባካችሁ አንዷን መስኮት ላፍታ ብቻ አልሁ። ከፊት የተቀመጡ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ ቄስ ዞረው ተመለከቱኝ።

“የማን መድኃኒት ነው?”

“የአባቴ። ስኳር አለባቸው።”

“እንግዲያ ይከፈት” አሉ።

አንዷ መስኮት ብቻ መስላችሁ? ሁሉም ተከፈተ። ንፋሱ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ሲወጣ፣ የአውቶቡሱ ሰው ጋቢውንና ነጠላውን እየተከናነበ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ብርዱን ተቀበለው። ልጅ የታቀፈች አንዲት ሴት ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ፣ ልጇን በደረቷ ሸፍና ተቀመጠች። ኤልያስ ስንደርስ ሁላችንም በአቧራ ነጥተን ከወፍጮ ቤት የወጣን መስለን ነበር። ሲወርዱ አንድ በአንድ “እግዜር ይማራቸው” ይሉኛል። ለራሳቸው የማይከፍቷትን መስኮት ለማያውቁት ሰው አባት ከፈቷት። ፎጣዬም ቀዝቅዞ ነበር።

አሁን እናንተ ገብቷችኋል፤ ከፎጣው ወደ ሶላሩ ለመሻገር አንዲት እርምጃ ናት የቀረችኝ። አልተሻገርሁም። ሰው ሲጨነቅ ዓይኑ የሚያየው የፈራውን ብቻ ነው።

ቤት ስደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። የኔታ ከግቢው ግራር ሥር ተቀምጠው ለተማሪዎቻቸው ቅኔ ይዘርፋሉ። ዓይናቸውን አየሁ፣ ከንፈራቸውን አየሁ፣ እጃቸውን ስስም ይንቀጠቀጥ እንደሆነ አዳመጥሁ። ደኅና ናቸው። ደኅንነታቸው ይበልጥ አስፈራኝ፤ ይህ በሽታ ድንገት ነው የሚጥለው ይባላል። ሮጬ ገባሁና ፍሪጇን ከፈትሁ። ውስጧ ሞቅ ያለ ቤት ነው። ሁለት መሆን ሲገባቸው አንድ ብልቃጥ ብቻውን ቆሟል። አንሥቼ ኪሴ ከተትሁት፤ ሌላውን ተጠቅመውበት ጨርሰውት ይሆናል ብዬ በልቤ ሰቀጠጠኝ። አዲሶቹን ከነፎጣቸው ጥላ ውስጥ ንፋስ ላይ አኖርሁና መሰላሉን ይዤ ጣራው ላይ ወጣሁ።

ፀሐይ አናት ላይ ናት። ደመና የሚባል ዘር የለም። ከዚህ የበለጠ ፀሐይ ከየት ይመጣል? መልቲሜትሩን ሰካሁ። ቀስቷ ተልፈስፍሳ ተነሣችና ከመካከል ሳትደርስ ቆመች። ባትሪን ለመሙላት የሚበቃ ጉልበት የለውም። አቧራ ይሆናል አልሁ። እናቴ አንድ ጣሳ ውሃ አቀበለችኝ፤ ቀስ እያልሁ አፈሰስሁበት፤ ጭስ የመሰለ እንፋሎት ተነሣ። ቀስቷ ተነሣች! ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ሄደች። አቧራው ነው አልሁና ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ፣ ውሃው ደረቀ፤ ቀስቷም ተመልሳ ወረደች። ደግሜ አፈሰስሁ፤ ተነሣች። ደረቀ፤ ወረደች። ንጹሕ ነው እኮ፤ ፊቴ ይታይበታል። ብረቱን ልይዝ ብል መዳፌን ለበለበኝና እጄን እያራገፍሁ ጮኽሁ።

እናቴ ከታች ሆና ስታየኝ ቆይታ መሰላሉን ወጣች። ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ ከልክላት ብትሉኝ መቼ ትሰማለች። እጇን ዘርግታ፣ በእጇ ጀርባ፣ ልጅ ስንታመም ግንባራችንን እንደምትዳስሰው አድርጋ ዳሰሰችው።

“አንተነህ” አለች በስሜ ጠርታ፤ “ይህ ብርድ አይደለም። ምች ነው።”

ልስቅ ነበር። አፌን ከፍቼ ሳቁ ሳይወጣ ቀረ። ከግራሩ ሥር ያሉት የኔታ ጩኸቴን ሰምተው፣ ትምህርቱን አቋርጠው፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው ወደኛ ያያሉ። ያቺ የየካቲት ጥያቄ ግን ያለ ድምፅ ከግራሩ እስከ ጣራው መጣች፤ የሚመገበው ከየትኛው ነው?

ከብርሃኑ ነው፣ የኔታ። ከሙቀቱ አይደለም። በየዓመቱ ከሰሌዳው ላይ እየጻፍሁ ያስገለበጥሁት ነገር ነው እኮ። ሶላር የሚበላው ብርሃን ነው፤ ሰውነቱ በጋለ ቁጥር ግን የሚገፋበት ጉልበት፣ ቮልቴጅ የምንለው፣ ይደክማል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩ ብርድ፣ ንፋሱም ጀርባውን የሚያበርድለት ነበር፤ ለሶላር ከዚያ የበለጠ ሠርግ የለም። እኔ ግን ከሠርጉ አውርጄ፣ የጋለ ቆርቆሮ ላይ አስተኝቼ፣ ከሥሩ ጭድ ጠቅጥቄ፣ ጆንያ አልብሼ፣ መጋቢት ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ምች ባይመታው ነበር የሚገርመኝ። ይህን ሁሉ ለተማሪ አስተምሬዋለሁ፤ ለራሴ ሳስተምረው ግን ቀርቼ ነበር መሰለኝ።

ጆንያውን ነቀልሁ፤ ጭዱን በተንሁ። ሶላሩን አውርደን ወደ ግንዱ መለስነው። ከጮቄ በኩል ንፋሱ መጣና በጀርባው ገብቶ አለፈ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች፤ ከቀትሩ የደከመች ናት፤ ቀስቷ ግን ከቀትሩ ከፍ ብላ ስትቆም በዓይኔ አየሁ። እናቴ ሽቅብ እያየች “እፎይ አለ” አለች፤ በእውነትም እፎይ ያለ ይመስል ነበር። ፍሪጇን ላፍታ አሳረፍናት። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቀዩ መብራት ጠፋና ቢጫው በራ። አንድ ጭንቀት ከትከሻዬ ወረደ። ሌላው ግን ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ያ የሞቀ ብልቃጥ። ስንት ቀን ከእሱ ወጋቻቸው? ስንት ቀን ውሃ ወጋቻቸው?

የመርፌው ሰዓት ደረሰ። የኔታ ከጉባኤው ተነሥተው ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ፣ እጀ ጠባባቸውን ሰበሰቡ። እኔ ከአዲሶቹ አንዱን ብልቃጥ ይዤ ፍሪጇ አጠገብ ቆሜያለሁ፤ እናቴ ልትቀበለኝ ትመጣለች ብዬ። በፊቴ አለፈች። አጎንብሳ ከመደቡ ሥር እጇን ሰደደች። ስትነሣ ጣቶቿ ላይ እርጥብ አሸዋ አለ፤ በጣቶቿ መካከል ደግሞ አንድ ብልቃጥ፤ ቀዝቃዛ፣ ላብ ያወጣ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ቀዳች።

ገንቦው አለ። ከጥቅምት ጀምሮ አንድ ቀን ውሃ አጥቶ አያውቅም።

እናቴ አየችኝ፤ ያፈረችው እሷ ናት፤ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው መሬት መሬት አየች።

“ምን ላድርግ ልጄ” አለች፤ “ስንት ደክመህበት አመጣኸው። አንዱን ላንተ ብዬ እዚያ አኖራለሁ፤ አንዱን ለየኔታ ብዬ እዚህ።”

አንድ ሳምንት ሙሉ እኮ ሞቼ ነበር። ለምን አልነገርሽኝም ልላት ስል ያቺ የዐሥር ሰዓት ስልክ ትዝ አለችኝና ዋጥሁት። ሴትዮዋ ምን አጠፋች? የጠየቅኋትን በየቀኑ፣ ኮረብታ ወጥታ፣ ሳታዛንፍ ነግራኛለች። እኔ የጠየቅኋት መብራቱን ነው። መድኃኒቱን አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። የኔታ መርፌውን ተወግተው እጀ ጠባባቸውን እየመለሱ “ምሳው እንዳለ ሆኖ እራት ይቅረብ” አሉ፤ ምሳቸውን ሳይበሉ እንደዋሉ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

እሑድ ወደ ማርቆስ ተመለስሁ። ንፋስ እንደሚያድን በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ ዳስሼ፣ በአውቶቡስ ሙሉ ምስክር አረጋግጬ የምመለስ ሰው ነበርሁ። ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት ሞቀው መሰለኝ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ከፈተ። ንፋሷ ሽው ብላ አንገቴ ላይ አረፈች። ትንሽ ታገሥሁ፤ እውነቴን ነው፣ ታግያለሁ። ከዚያ ጎንበስ አልሁና “ወንድም ዓለም፣ ዝጋት እስኪ” አልሁት።

እናቴ አሁንም ዐሥር ሰዓት ሲሆን ትደውልልኛለች። “አረንጓዴ ነው ልጄ” ትላለች። እኔም ከመዝጋቷ በፊት ቶሎ ብዬ “ገንቦውስ?” እላታለሁ።

“እርጥብ ነው” ትለኛለች። ያን ጊዜ እተነፍሳለሁ።